በመሬት ስበትና በውሃ የማንሳፈፍ ኃይል ማሽን ማንቀሳቀስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስበት ለአፍታ እንኳ አይቋረጥም። ታዲያ ለምን ሳይቆም የሚዞር ማሽን አይሠራበትም?

ኃይል መኖሩ ብቻውን ሥራ አይሆንም። መሬት ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ዘመኑን ሁሉ ቢጫን አንዲት መብራት አያበራም። ሥራ የሚገኘው ክብደቱ ሲወርድ ነው፤ 1 ኪሎ ግራም 1 ሜትር ሲወርድ 9.81 ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው) ይሰጣል። ተመልሶ ለመውጣት ደግሞ ያንኑ 9.81 ጁል ይጠይቃል። በቀጥታ ይውጣ፣ በጠመዝማዛ፣ በሰንሰለት ወይም በጎማ ላይ፣ ሒሳቡን የሚወስነው የከፍታው ልዩነት እንጂ የሄደበት መንገድ አይደለም። ውሃ የሚያንሳፍፍበት ኃይልም ከዚህ አያመልጥም፤ ዕቃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውሃው ክብደት ስለሆነ ምንጩ ያው ስበት ነው።

ስለዚህ ለማንኛውም ንድፍ የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ የወረደውን ማን መልሶ ያነሳዋል? የተንሳፈፈውንስ ማን መልሶ ያሰምጠዋል? መልሱ ዝናብ፣ ነፋስ፣ ሰው ወይም ሞተር ከሆነ ማሽኑ ይሠራል፤ የሚቀረው የብቃት ጉዳይ ነው። “ማሽኑ ራሱ” ከተባለ ግን ኩሽኔታ ለመግዛት መቸኮል አያስፈልግም።

ውሃ ምን ያህል ያነሳል? እንዴት ይሰላል?

ዕቃው ሲሰምጥ ስንት ሊትር ውሃ ከቦታው እንደሚያፈናቅል ይለኩ። እያንዳንዱ ሊትር ንጹሕ ውሃ 1 ኪሎ ያህል፣ የባሕር ውሃ 1.025 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋል። ከዚያ የዕቃውን የራሱን ክብደት ይቀንሱ። 18 ኪሎ የሚመዝን ባለ 200 ሊትር በርሜል ሙሉ በሙሉ ሲሰምጥ 180 ኪሎ ገደማ ያነሳል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ በርሜሉ ቅርጹን እስከያዘ ድረስ ጥልቀት የማንሳት ኃይሉን አይጨምርም። 2 ሜትር ላይም 20 ሜትር ላይም ያው ነው። የሚጨምረው ግፊቱ ነው፤ በየ10 ሜትሩ 1 አትሞስፌር ገደማ። ተራ የብረት በርሜል ከውጭ ለሚመጣ ግፊት የተሠራ ስላልሆነ ባዶውን ተዘግቶ ቢሰምጥ 10 ሜትር ሳይደርስ ሊጨማደድ ይችላል። በተጨማደደ መጠንም የማንሳት ኃይሉ ይቀንሳል።

በአንድ በኩል ክብደቶቹ ከመሐል ርቀው የሚወጡበት ጎማስ? ያ ወገን ሁልጊዜ አይከብድም?

ይህ ሐሳብ እጅግ የቆየ ነው። ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ብሃስካራ በ12ኛው መቶ ዘመን፣ ፈረንሳዊው ቪያር ደ ኦንኩር በ13ኛው መቶ ዘመን የዚህን ዓይነት ጎማ ገልጸዋል። በወረቀት ላይ ያሳምናል፤ በሚወርደው በኩል ያሉት ክንዶች ረዝመው ስለሚታዩ። የማይታየው ቁጥራቸው ነው። ወደ ውጭ የተዘረጉት ክብደቶች ጥቂት ናቸው፣ ወደ መሐል የተሰበሰቡት ግን በሌላው በኩል በርከት ብለው ይገኛሉ።

ንድፍዎን ለመፈተሽ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው አድካሚ ነው፦ ጎማውን በወረቀት ላይ ይሳሉ፣ የእያንዳንዱን ክብደት ከዘንጉ ያለውን አግድም ርቀት በክብደቱ ያባዙ፣ የግራውንና የቀኙን ደምረው ያነጻጽሩ፣ ከዚያ ጎማውን 5 ዲግሪ አዙረው ይድገሙት። በአንዳንድ አቀማመጥ ልዩነት ያገኛሉ፤ ጎማው መጀመሪያ ላይ ጥቂት የሚንቀሳቀሰው ለዚህ ነው። የአንድ ሙሉ ዙር አማካይ ግን ዜሮ ይሆናል።

ሁለተኛው ያለ ሒሳብ ነው። 12 ክብደት ያለው ጎማ 30 ዲግሪ ሲዞር ስዕሉ ከቀድሞው ጋር አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ክብደት የጎረቤቱን ቦታ ይዟል። ስዕሉ ካልተለወጠ የሁሉም ክብደቶች የጋራ ማዕከል አልወረደም። ካልወረደ ደግሞ የተገኘ ጉልበት የለም። የፍላንደርሱ የሒሳብ ሊቅ ሲሞን ስቴቪን በ1586 በተዳፋት ላይ ለተጠመጠመ የኳሶች ሰንሰለት ያቀረበው ማስረጃ በዚሁ መንፈስ የተሠራ ነው። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚም በ1775 “ዘላለማዊ እንቅስቃሴ” የሚባሉ ማመልከቻዎችን ከእንግዲህ አልመረምርም ብሎ በሩን ዘግቷል።

ተንሳፋፊዎች የታሰሩበት ሰንሰለት ግማሹ በውሃ ታንክ ውስጥ፣ ግማሹ ከታንኩ ውጭ በአየር ላይ ቢሆንስ?

ከሁሉም የሚያታልለው ይህ ነው። በውሃው ውስጥ ያሉት በእርግጥ ወደ ላይ ይገፋሉ፣ በአየር ያሉት በእርግጥ ወደ ታች ይስባሉ። ችግሩ ያለው ከታንኩ ሥር፣ ተንሳፋፊው ወደ ውሃው በሚገባበት በር ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። የታንኩ ውሃ 5 ሜትር ከፍታ አለው እንበል። ተንሳፋፊው ባለ 10 ሊትር ሆኖ የግንባሩ ስፋት 0.05 ካሬ ሜትር፣ ርዝመቱ 20 ሴንቲሜትር ነው። ከታች ያለው የውሃ ግፊት 49 ኪሎ ፓስካል ስለሆነ ተንሳፋፊውን ለማስገባት 2,450 ኒውተን፣ ማለትም የ250 ኪሎ ክብደት ያህል መግፋት ያስፈልጋል። ይህን ለ20 ሴንቲሜትር መግፋት 490 ጁል ይፈጃል። ከገባ በኋላ 98 ኒውተን ወደ ላይ እየገፋው 5 ሜትር ይወጣል፤ ይህም 490 ጁል ነው። አንድ ጁል ትርፍ የለም። ተንሳፋፊውን ቀጭንና ረጅም ቢያደርጉት የመግቢያው ኃይል ይቀንሳል፣ የሚገፋበት ርቀት ግን በዚያው ልክ ይረዝማል።

እስካሁን ያሰብነው ውሃ የማያፈስ፣ ግጭት የሌለው በር ነው። እውነተኛ ጓርኒሲዮን (ውሃ እንዳያፈስ የሚገባ ማሸጊያ) በደንብ ከጠበቀ ያንቃል፣ ከላላ ያፈሳል። የፈሰሰችውን እያንዳንዷን ሊትር ደግሞ 5 ሜትር ከፍ አድርጎ መመለስ ሌላ 49 ጁል ነው።

በሩን ትቶ ከታንኩ ሥር በኮምፕሬሰር አየር መንፋትስ? አየር እኮ ቀላል ነው።

አየሩ ቀላል ቢሆንም ከታች የሚጠብቀው ግፊት ቀላል አይደለም። ላይ 1 ሜትር ኩብ የነበረ አየር 10 ሜትር ጥልቀት ላይ በግማሽ ገደማ ይጨመቃል። ተገልብጦ በታሰረ ባልዲ ውስጥ ሆኖ ቀስ ብሎ ሲወጣ እየሰፋ ይሄዳል፣ የማንሳት ኃይሉም ያድጋል። “እየሰፋ ስለሚሄድ ትርፍ አለው” የሚባለው ከዚህ ተነስቶ ነው። ከሥር እስከ ላይ ቢደመር ግን 69 ኪሎ ጁል ገደማ ይመጣል። ያንኑ አየር ሳይሞቅ ወደ 10 ሜትር ጥልቀት ለመጨመቅ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ጉልበትም ልክ ይኸው 69 ኪሎ ጁል ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቀመር ይሰላሉ።

ኮምፕሬሰር ግን አየሩን ያሞቀዋል፣ ስለዚህ ቢያንስ 76 ኪሎ ጁል ይወስዳል። የኮምፕሬሰሩና የሞተሩ የጋራ ብቃት 65 በመቶ ቢሆን ከኤሌክትሪክ መስመሩ የሚቀዳው 117 ኪሎ ጁል ይሆናል። በሚገኘው ጉልበት በኩል ደግሞ አየር ከባልዲው ጠርዝ ያመልጣል፣ ባልዲዎቹ ውሃውን እየቀዘፉ ይጎትቱታል፣ ሰንሰለቱም ጥርስ ላይ ይፋተጋል። ከ69ኙ 70 በመቶ ቢተርፍ 48 ኪሎ ጁል ነው። የገባው ከግማሽ በታች ሆኖ ወጣ። ሞተሩን በቀጥታ ከሚፈለገው ሥራ ጋር በቺንጋ ማገናኘት ይሻላል።

ቮላኖ (ጉልበት የሚያከማች ከባድ ተሽከርካሪ ዲስክ) ወይም ጊር ቢጨመርበትስ?

ጊር ፍጥነትን በመጠምዘዝ ኃይል ይለውጣል እንጂ ጉልበት አይጨምርም፤ በየደረጃው ጥቂት ይበላል። ቮላኖ የሰጡትን ያስቀምጣል። 100 ኪሎ የሚመዝን፣ ዲያሜትሩ 1 ሜትር የሆነ ድፍን ዲስክ በደቂቃ 60 ዙር ሲዞር የያዘው 247 ጁል ገደማ ነው፤ ባለ 100 ዋት አምፖል ለ2 ሰከንድ ተኩል።

እሺ፣ በትክክል የሚሠራው የትኛው ነው?

በመጀመሪያ ደረጃ የውሃ ጎማ። ውሃውን ወደ ላይ የመለሰችው ፀሐይ ስለሆነች የማንሻው ወጪ ተከፍሏል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ስሚተን በ1759 ባቀረበው የሙከራ ውጤት፣ በእኩል ከፍታ ውሃ ከላይ የሚፈስበት ጎማ ከሥሩ በወራጅ ከሚገፋው ሁለት እጥፍ ያህል ሥራ እንደሚሰጥ አሳይቷል። ከላይ የሚፈሰው በክብደቱ ስለሚሠራ ነው፤ የሥሩ ግን የውሃውን ፍጥነት በመምታት አብዛኛውን ያባክናል።

አሠራሩን በቁጥር ስንከተል፦ መጀመሪያ ፍሰቱን ይለኩ። ባለ 200 ሊትር በርሜል በ10 ሰከንድ ከሞላ 20 ሊትር በሰከንድ አለዎት። ከዚያ ከፍታውን ውሃ በተሞላ ግልጽ ጎማ ቱቦ ይለኩ፤ 3 ሜትር ወጣ እንበል። 20 በ3 በ9.81 ሲባዛ 589 ዋት ነው። ደህና የተሠራ የእንጨት ወይም የላሜራ ጎማ ከዚህ 400 ዋት ያህል ዘንጉ ላይ ያደርሳል። ለአሸንዳውና ከሥር ለሚቀረው ክፍተት ቦታ ትተን የጎማውን ዲያሜትር 2.7 ሜትር እናድርገው። ጠርዙ በሰከንድ 1.5 ሜትር ቢሄድ በደቂቃ 10.6 ዙር ይዞራል፣ ዘንጉም 360 ኒውተን ሜትር ያህል ይጠመዘዛል። ይህ ዘንግን የሚያጣምም ጉልበት ነው፤ ዘንጉን በመብራቱ ዋት እየለኩ ቀጭን ቧንቧ የሚያደርጉ ሰዎች የሚከስሩት እዚህ ነው። 1,500 ዙር ለሚፈልግ ጄኔሬተር 140 እጥፍ ማፍጠን ስለሚያስፈልግ ቀስ ብሎ ለሚዞር ሥራ፣ ለምሳሌ ለወፍጮ ወይም ለፒስተን ፓምፕ፣ የበለጠ ይስማማል።

የባልዲዎቹ ጥልቀት 20፣ ስፋታቸው 25 ሴንቲሜትር ከሆነ በሰከንድ 75 ሊትር የሚይዝ ቦታ በአሸንዳው ሥር ያልፋል። 20 ሊትሩ ከሩብ ጥቂት በላይ ብቻ ይሞላዋል፤ መሆን ያለበትም እንዲሁ ነው። ጢም ብሎ የሞላ ባልዲ ግማሽ መንገድ ሳይወርድ ያፈሳል፣ የፈሰሰው ውሃም ከዚያ በታች ያለውን ከፍታ ይዞ ይሄዳል።

ጎማዬ ይዞራል፣ ግን ያሰላሁትን ያህል አይሰጥም። ምን ልፈትሽ?

የጎማው ሥር ውሃ ውስጥ መነከሩን በመጀመሪያ ይዩ። የመውጫው ቦይ ከሞላ ባልዲዎቹ ውሃ ቀድተው በሌላው በኩል ወደ ላይ ይሸከማሉ፤ በደረቅ ወራት የሚሠራ ጎማ ወንዙ ሲሞላ የሚደክመው ለዚህ ነው። ቀጥሎ አሸንዳውን ይዩ። የአሸንዳው አፍ የባልዲውን ስፋት ሙሉ ከያዘ ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣል፣ ውሃውም እየተተፋ ይረጫል፤ አፉ በሁለቱም ጎን ጥቂት ሴንቲሜትር ይጥበብ። ጎማው ጭነት ሳይኖረው ተፈትልኮ የሚዞር ከሆነ ውሃውን ወደ ውጭ እየወረወረው ነው፣ ስለዚህ ጭነት ይጨምሩበት። የእንጨት ጎማ ደግሞ ለቀናት ቆሞ ከቆየ የተነከረው ወገን ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ሲነሳም አንዴ እየዘገየ አንዴ እየፈጠነ ይዞራል።

ክብደት አንስቶ ቀስ እያለ ሲወርድ መብራት ማብራት ይቻላል?

ይቻላል፣ በጣም ትንሽ መብራት። 12 ኪሎ ከ1.8 ሜትር ሲወርድ 212 ጁል ነው፤ ለ30 ደቂቃ ቢከፋፈል 0.12 ዋት ይደርሳል፣ ከጊሩና ከዳይናሞው በኋላ ደግሞ ያነሰ። ለአንድ ደካማ ኤልኢዲ ይበቃል። ፈተናው ያለው ጊሩ ላይ ነው። ገመዱ 5 ሴንቲሜትር ዲያሜትር ባለው ከበሮ ላይ ቢጠመጠም ከበሮው በሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ አንዴ ነው የሚዞረው። በደቂቃ 1,500 ዙር ለሚፈልግ ዳይናሞ 4,000 እጥፍ ያህል ማፍጠን ያስፈልጋል። የሚሰበረውም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጥርስ ጎማ ነው፣ ሙሉውን ክብደት የሚሸከመው እርሱ ስለሆነ። እርሱን ከብረት፣ የኋለኞቹን ከፕላስቲክ ማድረግ ያዋጣል።

የግድግዳ ሰዓት በዚህ ዘዴ የተዋጣለት ፍላጎቱ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ነው። 5 ኪሎ 1.5 ሜትር ሲወርድ የሚሰጠው 74 ጁል ለ8 ቀን ይከፋፈላል፤ ይህ ከዋት አሥር ሺኛ ገደማ ነው።

የሶላር ኃይልን በባትሪ ፋንታ ክብደት በማንሳት ማስቀመጥስ?

ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ያንን በ10 ሜትር ከፍታ ለማስቀመጥ 44 ቶን ማንሳት ያስፈልጋል፣ ያውም ኪሳራው ሳይቆጠር። ለአንድ ቤት አያዋጣም። ተራራና ግድብ ሲኖር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ውሃን ወደ ላይ ገፍተው ኋላ በተርባይን የሚያወርዱ ጣቢያዎች ከሰጧቸው ከ70 እስከ 80 በመቶውን ይመልሳሉ።

ስበትና ተንሳፋፊነት አንድ ላይ የሚሠሩበት ማሽን አለ?

አለ፣ ምርጡ አጠቃቀምም ይኸው ይመስለናል፦ ጉልበት ለማመንጨት ሳይሆን ክብደትን በክብደት አጣፍቶ ወጪን ለመቀነስ። በስኮትላንድ በ2002 የተከፈተው የፎልከርክ ጎማ ጀልባዎችን ከነውሃቸው 24 ሜትር ያህል ያነሳል። በሁለት ወገን ውሃ የሞላ ገንዳ አለው። ጀልባ ወደ ገንዳው ሲገባ የክብደቱን ያህል ውሃ ወደ ቦዩ ስለሚያስወጣ፣ የውሃው ከፍታ እኩል እስከሆነ ድረስ ገንዳው ጀልባ ኖረውም አልኖረውም ያው ይመዝናል። ሁለቱ ወገኖች ሁልጊዜ ሚዛን ላይ ስለሆኑ ሞተሩ የሚታገለው ከግጭት ጋር ብቻ ነው፤ አራት ደቂቃ ለሚወስደው አንድ ግማሽ ዙር 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል።

በካናዳ ፒተርቦሮ ከተማ በ1904 የተከፈተው የጀልባ ማንሻ ደግሞ ለማንሳቱ ሞተር አያሻውም። ሁለት ገንዳዎች በውሃ በተገናኙ ትላልቅ ፒስተኖች ላይ ተቀምጠዋል። ላይ ያለው ገንዳ ከቦዩ 30 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ስለሚቆም በዚያው ልክ ተጨማሪ ውሃ ይገባበታል፤ ይህም 130 ቶን ያህል ነው። በሩ ተዘግቶ ቫልቩ ሲከፈት ከባዱ ይወርዳል፣ ሌላውን 19.8 ሜትር ያነሳዋል። በፖርቱጋል ብራጋ ከ1882 ጀምሮ የሚሠራው የቦም ዤሱሽ የገመድ ባቡርም እንዲሁ የላይኛውን ፉርጎ ታንክ በውሃ በመሙላት ይንቀሳቀሳል። እንዲህ ያለ ነገር ለሚነድፍ ሰው የውሃው ክብደት የተሳፋሪዎቹን ልዩነት፣ ግጭቱንና የተዘረጋውን ገመድ ክብደት በአንድ ላይ መብለጥ አለበት። ከበለጠ በኋላ ደግሞ የሚያሳስበው ፍሬኑ ነው፤ ያልተያዘ ትርፍ ክብደት በየሰከንዱ ፍጥነት ይጨምራል።

የሕንፃ ሊፍትም በዚሁ ያምናል። ሳጥኑን በሌላው የገመዱ ጫፍ የሚያመዛዝነው ክብደት ብዙ ጊዜ የባዶውን ሳጥን ክብደትና ከሙሉ ጭነቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህሉን ይመዝናል።

ተንሳፋፊን በባሕር ሞገድ ወይም በጨረቃ ስበት በሚመጣው የባሕር ከፍታ መውጣትና መውረድ ማሠራትስ?

ሁለቱ እጅግ ይለያያሉ። 5 ቶን የሚመዝን፣ ሙሉ መጠኑ 10 ሜትር ኩብ የሆነ ተንሳፋፊ ወደ ላይም ወደ ታችም 50 ኪሎ ኒውተን ገደማ ሊሰጥ ይችላል። በጨረቃ ስበት የሚመጣው የባሕር ከፍታ ለውጥ 3 ሜትር ቢሆን በአንድ ዑደት ቢበዛ 300 ኪሎ ጁል ይገኛል። ዑደቱ ግን 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሲካፈል ከ7 ዋት አይሞላም። 10 ሜትር ኩብ ተንሳፋፊ ለ7 ዋት!

ያው ተንሳፋፊ በየ8 ሰከንዱ 1 ሜትር በሚያነሳው ሞገድ ላይ ቢቀመጥ በሒሳብ 12 ኪሎ ዋት ይመጣል። በተግባር ይህ ሁሉ አይገኝም፤ ጭነቱ ሲከብድ ተንሳፋፊው ከሞገዱ ጋር መሄዱን ትቶ ይሰምጣል፣ ጭነቱ ሲቀል ደግሞ ያለ ሥራ ይዋልላል። በጭነትና በምልልስ መካከል ያለውን ልክ ማግኘት የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ከባድ አውሎ ነፋስን መትረፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው መልሕቁ ላይ ያለው ሰንሰለትና የመጨረሻ ማቆሚያው ነው።

ተንሳፋፊነት ወደ ፊት ሊያስኬድ ይችላል?

አዎ፣ ክንፍ ካለው። የባሕር ውስጥ ግላይደር የሚባለው መሣሪያ በፓምፕ መጠኑን በግማሽ ሊትር ያህል እየቀነሰና እየጨመረ ይሰምጣል፣ ይወጣል። ክንፎቹ ያንን ቀጥ ያለ ጉዞ ወደ ፊት ያዘነብሉታል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ0.3 እስከ 0.4 ሜትር ገደማ ነው። በ2009 አንድ ግላይደር ከአሜሪካ ኒው ጀርዚ ተነስቶ ስፔን ለመድረስ 221 ቀን ፈጅቶበታል። የሚከፈለው ከታች፣ በከፍተኛ ግፊት ላይ ዘይት ወደ ውጭ ለመግፋት ነው፤ ባትሪውን በብዛት የሚበላው ያች ቅጽበት ናት።

የሰመጠ ዕቃ በአየር ከረጢት ሲወጣ ለምን ድንገት ይፈተለካል?

ሁለት ምክንያት ይደራረባል። ጭቃ ዕቃውን አጥብቆ ስለሚይዝ ሰዎች አየር ይጨምራሉ፤ ጭቃው ሲለቅ ትርፉ ኃይል አብሮ ይለቀቃል። ከዚያ ዕቃው በወጣ ቁጥር አየሩ ይሰፋል፤ ከ10 ሜትር እስከ ላይ በእጥፍ ገደማ። ከሥሩ ክፍት የሆነ ወይም ማስተንፈሻ ቫልቭ ያለው ከረጢት ይጠቀሙ፣ በአንድ ትልቅ ፋንታ በብዙ ትናንሾች ያንሱ። በሚነሳው ዕቃ በላይም ሆነ በታች ማንም ሰው መኖር የለበትም።

ያለ ምንም ኃይል ሲዞር በቪዲዮ ያየሁትን ጎማ እንዴት ልፈትሽ?

ቮልቴጅ አይለኩ፤ ጭነት የሌለው ቮልቴጅ ምንም አያረጋግጥም። ዘንጉ ላይ መዘውር ያስሩና ገመድ በላዩ አሳልፈው አንዱን ጫፍ በስፕሪንግ ሚዛን ከቋሚ ነገር ጋር ያስሩ፣ ሌላውን ጫፍ በታወቀ ክብደት ወደ ታች ይጎትቱ፤ መዘውሩ ክብደቱን ለማንሳት በሚሞክርበት አቅጣጫ ይዙር። ክብደቱ በኒውተን 50፣ ሚዛኑ 10 ቢያሳይ፣ መዘውሩም 10 ሴንቲሜትር ራዲየስ ኖሮት በደቂቃ 60 ዙር ቢዞር፣ 40 በ0.1 በ6.28 ሲባዛ 25 ዋት ይሆናል። ይህንን እየሰጠ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይመዝግቡ። ጎማው ሲነሳ የያዘውን የቮላኖ ጉልበት ያስሉ፤ 247 ጁል ከሆነ በ25 ዋት ጭነት 10 ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ይቆማል። ከዚያ በላይ ከቀጠለ ማሽኑን ከወለሉ አንስተው በገመድ ያንጠልጥሉት፣ የዘንጉን መያዣና የእግሮቹን ውስጥ ይክፈቱ። ባትሪ፣ ቀጭን ቺንጋ ወይም በመቆሚያው በኩል የሚገባ ሽቦ የሚገኘው እዚያ ነው።